በያጁ አደምና የአባቴ ክንድ

የአደምን ማረፍ የሰማሁት ከሚሴ መናኸሪያ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ቆሜ ስጠብቅ ነው። የነገረኝ የባቲ መስመር ሹፌር ነው፤ በመልክ ብቻ የማውቀው ሰው።

«ያ በያጁ አደም አረፈ እኮ» አለኝ። «ትናንት ከዐስር ሰላት በኋላ ቀበርነው። ለኔ ወንድሜ ነበር።» ይህን ብሎ በአንገቱ ላይ በጣለው ፎጣ ዓይኑን ጠረገ።

«ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ። አፌ ይህን ይበል እንጂ ልቤ ውስጥ መጀመሪያ የገባው ሐዘን አልነበረም። ቀናሁ። ያ ሹፌር በአደባባይ ቆሞ «ወንድሜ ነበር» ብሎ ማልቀስ በመቻሉ ቀናሁበት። እኔ አደምን ወንድሜ ነበር ብል የሚሰማኝ ቢኖር እንኳ፣ እኔ ራሴ አላምነውም።

አደምን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማውቀው በቅናት ነው።

ወደ ግቢያችን የመጣው ሞባይል ስልክ ከሚሴ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ነበር። በመንገዱ በኩል ያለችውን አንዷን ክፍል እናከራይ ነበርና እሷን ያዘ። የባቲ ልጅ ነው፤ ከሚሴ የመጣው እዚህ በተከፈተ አንድ ብየዳ ቤት ተቀጥሮ ነው። ዕድሜው ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። መካከለኛ ቁመት፣ ሰፊ ትከሻ፣ ክንዱ ላይ ደግሞ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠላቸው ትንንሽ ነጠብጣቦች ነበሩት። ሰው የሚጨብጠው በሁለት እጁ ነው። የብረት በር ባየ ቁጥር ደግሞ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋል። «ይሄን የሠራው ሰው ቸኩሏል» ይላል ለብቻው፣ የታመመ ሰው እንዳየ ሁሉ።

በገባ በሁለተኛው ቀን የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ይዞ መጣ። እናቴን አስፈቀደና በክፍሉ በር ላይ፣ ከመቃን እስከ መቃን፣ አግድም አድርጎ በቡሎን አጠበቀው። እናቴ ልብስ ሊያሰጣበት መስሏት ነበር። በማግስቱ ከሱብሒ ሰላት ሲመለስ ጫማውን አወለቀ፣ መዳፎቹ ላይ እፍ አለ፣ ዘሎ ቧንቧውን ያዘና ራሱን ወደ ላይ ሳበ። አገጩ ከቧንቧው በላይ ሲያልፍ ትንሽ ቆየት ይልና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ደግሞ ይሳባል። ደግሞ ይወርዳል።

«ይሄ ልጅ ጤና አለው?» አለች እናቴ በሹክሹክታ።

ሰምቷት ኖሮ ከቧንቧው ላይ እንዳለ ሳቀ። «ቀኑን ሙሉ ብረት ላይ ጎንብሼ ነው የምውል እማ። ጠዋት ካልተዘረጋሁ ማታ እንደ ማጭድ ታጥፌ ነው የምገባ።»

ያን ጊዜ አባቴ ቀኝ ክንዱን ከደረቱ በላይ ማንሳት ካቃተው ዓመት አልፎት ነበር። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ከብት ነጋዴ ነው። ሰንበቴ ገበያ ላይ አንድ ወይፈን ደንብሮ፣ ገመዱን እንደጨበጠ ጎተተውና ትከሻው ወለቀ። ወጌሻ መለሰለት፤ ክንዱ ግን እዚያው ደረቀ። ሸሚዝ የምታለብሰው እናቴ ነበረች። ሰላት ሲጀምር «አላሁ አክበር» ብሎ ሁለት እጁን ወደ ጆሮው ማንሳት ሲገባው የሚነሳለት አንዱ ብቻ ነው። ይህ ከሕመሙ ይልቅ ይቆረቁረው ነበር።

ደሴ ይዤው ሄጄ ያሳከምኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ «በየቀኑ ካልተንቀሳቀሰ እንዲሁ ደርቆ ይቀራል» አለና እንቅስቃሴዎቹን በወረቀት ሥሎ ሰጠኝ። ወረቀቱን ከአልጋው ፊት ለፊት ለጠፍኩለት። ከቢሮ ስመለስ «አባ፣ እጅህን እናሠራው» እለዋለሁ። «ነገ» ይለኛል። አንድ ቀን ነገውን ሰልችቼ ክንዱን ይዤ ወደ ላይ ላነሳው ስል ጮኸብኝ፤ «ተወኝ! ወይፈኑ መች አነሰኝ!»

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አላነሳሁበትም።

በእኔና በአባቴ መካከል ጠብ አልነበረም። ቅርበትም አልነበረም። በስድስት ዓመቴ ተማር ብሎ ደሴ አክስቴ ዘንድ ላከኝ፤ የተመለስኩት የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ነው። ኦሮምኛ ሲወራ እሰማለሁ፤ ስመልስ ግን በአማርኛ ነው። አባቴ ደግሞ ልቡ የሚከፈተው በኦሮምኛ ነው። ለእኔ የሚተርፈኝ አማርኛው ነበር፤ «ቢሮ እንዴት ዋለ?»፣ «ዝናቡ ጨፋ ደረሰ ይላሉ?» የመሰለ።

አደም ከመጣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። አባቴ ከመስጊድ ተመልሶ አደም በር ላይ ቆሟል። አደም ከቧንቧው ወረደና ላቡን ጠረገ።

«ኮታ አባኮ» አለው። ና አባቴ ማለቱ ነው፤ ያውም በአክብሮት። «እኔ እንደምሠራው አይደለም። ይያዙት ብቻ። እግርዎ ከመሬት አይነሳም።»

አባቴ እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ግራ እጁን ሰቅሎ ያዘ። ቀኙን አደም ከክርኑ ደግፎ፣ ሳይጎትት፣ እስከሚደርስበት ብቻ አደረሰው፤ ከቧንቧው በታች ሁለት ስንዝር ቀረ። እዚያ ላይ የልብስ ገመድ አንጠለጠለለትና ገመዱን አስጨበጠው።

«ቶኮ» አለ አደም። «ለማ... ሰዲ...» በኦሮምኛ ይቆጥራል። አባቴ ፊቱ ተኮማትሮ ጥርሱን ነከሰ፤ አልጮኸም። አምስት ላይ ሲደርሱ አደም «በቃ፣ የዛሬን ብቻ» አለ። ነገርን ሁሉ የሚዘጋው በዚህች ቃል ነበር፤ «የዛሬን ብቻ»።

አባቴ ሳቀ። ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ፎጣዬን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ፊቴን ሳልታጠብ ቢሮ ገባሁ።

በየጠዋቱ ሆነ። ገመዱ በየሳምንቱ በአንድ ቋጠሮ አጠረ። አባቴ የአደምን በር ሳያይ ቤት አይገባም። የዛፋችን ፓፓያ ቀድሞ ሲበስል ለአደም ይቀመጣል። እኔ አባቴን አንተ እያልኩ ሩቅ ነኝ፤ አደም አንቱ እያለ ጎኑ ተቀምጧል። አንድ ቀን ቁርስ ላይ እናቴን «አባ ለአደም ምን እያወራለት ነው እንዲህ የሚረዝመው?» አልኳት።

«ስለ ወንድሙ ነዋ» አለች።

«የማን ወንድም?»

«የአባትህ። ታላቁ፣ በልጅነታቸው ቦርከና ሞልቶ የወሰደው። አልነገረህም?»

አልነገረኝም። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አጎት እንደነበረኝ ያወቅኩት አንድ ተከራይ ከሰማው በኋላ ነው።

በዚያው ቀን፣ አደም ሥራ ሲሄድ፣ ወደ በሩ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይቼ ቧንቧውን ያዝኩ። ሳብኩ። ክርኔ ትንሽ ታጠፈ፣ ከዚያ በኋላ እምቢ አለ። እግሬን አወራጨሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አገጬን ማድረስ አልቻልኩም። «ወርደህ ቁርስህን ጨርስ» የሚል የእናቴ ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ዞር ስል ፊቷ ላይ ያየሁት ሳቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ያዘነችልኝ ትመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ላደረግኩት ማንም አላስገደደኝም፤ ቁጣም አልነበረብኝም። ሦስት ቀን አስቤበት ነው።

አደም ግቢ ውስጥ ካለው የውሃ መክፈቻ እጁን ሲታጠብ ጠጋ አልኩት። «አደም፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። አባ ከብዶታል።»

«ምን ከበዳቸው?»

«ብረቱ። መስጊድ ላይ ሰዎች አፌዙበት መሰለኝ፤ በስተርጅና ስፖርት ጀመርክ እያሉ። ላንተ መናገር አፍሯል። ክፍሉንም ለዘመድ እንስጠው እያለ ነው።»

ሳሙናውን አስቀመጠ። «እሳቸው ናቸው ያሉት?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ...» አለና ተወው። «እንደ እሳቸው ያለ ሰው እኔን ባየ ቁጥር ከሚሳቀቅ ብሄድ ይሻላል። እንደነገርከኝ አትንገራቸው፤ ያፍራሉ።»

ዐርብ፣ አባቴ ጁምዓ ሰላት ላይ ሳለ ወጣ። ቧንቧውን ፈትቶ ወስዷል። መቃኑ ላይ ቡሎኖቹ የበሱትን ቀዳዳ በእንጨት ወትፎ፣ አሸዋ ወረቀት ፈትጎ፣ ቀለም እንኳ ቀብቶት ነው የሄደው። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ለእናቴ ቁልፉን ሰጥቶ «ባቲ ሥራ ተገኘ» አላት።

አባቴ መጥቶ ባዶውን በር አየ። «ሰላም እንኳ ሳይለኝ?» አለ። በሚቀጥለው ቀን ጠየቀኝ፤ «ምን አስቀይሜው ይሆን?» በማግስቱም። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ መመርመር ይጀምራል፤ «ፓፓያውን ዘግይቼ ሰጥቼው ይሆን? ስለ ባቲ ሰዎች የቀለድኩት ቀልድ ከፍቶት ይሆን?» እኔ ከፊቱ ተቀምጬ «ሥራ ነው አባ፣ ሥራ ነው» እላለሁ።

አሁን ተራው የኔ ነው ብዬ ነበር። አዲስ አበባ ለስብሰባ በሄደ የቢሮ ባልደረባዬ በኩል አስመጣሁ፤ ያለቀለት፣ የተገዛ፣ በር ላይ የሚወጠር መንጠልጠያ ብረት። ጫፍና ጫፉ ጎማ ነው፤ ሲያጠማዝዙት እየረዘመ መቃኑን ይነክሳል። ካርቶኑ ላይ ደረቱን የነፋ ሰው ፎቶ አለበት። በአባቴ ክፍል በር ላይ ወጥሬ አጠበቅኩና «አባ፣ እይ፣ ይሄ ከአደም ቧንቧ ይበልጣል» አልኩት። እግሬን አንስቼ ተንጠለጠልኩ።

የእኛ መቃን የቆየ እንጨት ነው፤ ለስልሷል። ጎማው ተንሸራተተ። በጀርባዬ ዘጭ አልኩ፤ ብረቱ ተከትሎኝ መጥቶ ቅንድቤን ፈነከተኝ።

አባቴ ከመደንገጡ የተነሳ ብድግ አለ። ደህና መሆኔን ሲያይ ሳቅ አመለጠው። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። ደሜን በእጄ እንደያዝኩ ከወለሉ ላይ ሆኜ እኔም መሳቅ ጀመርኩ፤ እኔና አባቴ ብቻችንን፣ ለአንድ ነገር፣ አብረን ስንስቅ!

«ወይኔ፣ አደም ይህን ባየ!» አለ። ይህን ብሎ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ተቀመጠ። እኔም ተነስቼ ቅንድቤን ልታጠብ ሄድኩ።

ክንዱ ተመልሶ ደረቀ። በሦስት ወር ያገኘውን በሁለት ወር መለሰው።

አንድ ቀን ከቢሮ ቀደም ብዬ ገባሁ። አባቴ ዐስር ሰግዶ መስገጃው ላይ እንደተቀመጠ ዱዓ ያደርጋል። የሚነሳለትን አንድ እጁን ዘርግቷል፤ ሌላው ጭኑ ላይ ነው። ከበሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁት። «ያ ረቢ፣ አደምን ሳላውቅ ያስቀየምኩት ነገር ካለ አፉ እንዲለኝ አድርግልኝ። ሳልታረቀው አትውሰደኝ።»

ገባሁ። ፊት ለፊቱ ተንበረከክሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ የዋሸሁትን፣ ለምን እንደዋሸሁ፣ የወንድሙን ነገር ከእናቴ እንደሰማሁ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን መስገጃውን በአንድ እጁ ማጠፍ ጀመረ፤ ላግዘው ስል እጄን ገፋው።

«ሰኞ የባቲ ገበያ ነው» አለ። «ይዘኸኝ ትሄዳለህ።»

ከከሚሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ያን ሁሉ መንገድ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ተጓዘ። ባቲ ስንደርስ ፀሐዩ ይፋጃል። አፋሮቹ ግመል ይዘው፣ ደገኞቹ እህል ጭነው መንገዱን ሞልተውታል። በያጁ አደም የት ነው ስንል የጠየቅነው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህም እንኳ ቆረቆረኝ።

ከቆርቆሮ ጥላ ሥር መስኮት እየበየደ አገኘነው። ደንበኞች ቆመው ይጠብቁታል። ቀና ሲል አባቴን አየና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሮጦ መጣ። እጁን ሊስም ጎንበስ ሲል አባቴ ትከሻውን ይዞ አቆመው።

«ቆይ። መጀመሪያ ስማኝ» አለው። በአማርኛ ነው የተናገረው። ከአደም ጋር አማርኛ ሲያወራ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «ሂድ ያልኩህ እኔ አይደለሁም። ልጄ ነው በኔ ስም የዋሸህ። አፉ በለኝ።»

አደም አየኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ተመለሰ። «አባኮ፣ አንቱ ምን አጠፉና?»

«ይሄን ልጅ በስድስት ዓመቱ ለሰው ሰጠሁት» አለ አባቴ። «ከተመለሰ በኋላም አላስጠጋሁትም፤ እንዴት እንደማስጠጋው አላውቅበትም ነበር። ካንተ ጋር ስስቅ በመስኮት ያየኛል። ምን ይሁን? ጥፋቱን እሱ አጠፋ፤ ያስጠፋሁት ግን እኔ ነኝ።»

ይህን ቃል ሃያ ዓመት ጠብቄዋለሁ። የተነገረው ግን ለአደም ነበር። ወላሂ፣ እዚያ ቆሜም ቀናሁ።

አደም እያለቀሰ አባቴን አቀፈው። ደንበኞቹ ዞር ዞር አሉ። ተቃቅፈው ሲበቃቸው አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ? አፍ የለህም?»

«አፉ በለኝ፣ አደም» አልኩ።

በሁለት እጁ አልጨበጠኝም። እጆቹን በሱሪው ጠረገ። «ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ» አለ። «አኼራ ላይ አልጠይቅህም። ልቤ ግን ገና ነው፣ ጀማል። አልዋሽህም። እሱ ሲመለስ እነግርሃለሁ።»

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ቧንቧና ቡሎን ይዞ ከሚሴ መጣ። የአባቴን ቁመት፣ የክንዱን ርዝመት ለክቶ በራሱ በአባቴ ክፍል በር ላይ ሠራለት። እናቴ ምሳ አቀረበች፤ ከአባቴ ጋር በላ። ለእኔ ሰላምታ ሰጠኝና ሄደ። አባቴ ከዚያ በኋላ የኖረው ሦስት ዓመት ነው፤ በመጨረሻው ዓመት ለሰላት ሲቆም ሁለቱም እጆቹ ጆሮው ይደርሱ ነበር። ሲሞት ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ አደም ነው። ሰው ሊያጽናናን ሲመጣ፣ ተዕዚያ ላይ፣ ከጎኔ ቆመ፤ የሚመጣው ሰው እሱን ልጅ መስሎት አስቀድሞ እጁን ይዘረጋለታል። አደም እያንዳንዱን «ልጁ እሱ ነው» እያለ ወደ እኔ ያሳልፋቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየኢዱ ይደውልልኝ ነበር። ስለ ባቲ ሙቀት፣ ስለ ጨፋ ማሽላ እናወራለን፤ ልጆቹን እጠይቃለሁ፣ እናቴን ይጠይቃል። ከዚያ ሁለታችንም ትንሽ ዝም እንላለን። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሁልጊዜ ልቤ ተመለሰ እስኪለኝ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቅ ነበር። «በል ጀማል፣ ሰላም ዋል» ይልና ይዘጋዋል።

ባለፈው አረፋ ልጠይቀው ቆርጬ ነበር። ዝምታዋ ስትመጣ «አደም» አልኩት።

«አቤት» አለኝ። ድምፁ ልዝብ ነበር፤ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ።

ፈራሁ። ገና ነው ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። «ምንም፤ ልጆቹን ሰላም በልልኝ» አልኩት።